ልዋጭ ያልተሰጠበት ብረት

ባዩ ለዋጩ የሞተው በገዛ ግቢው፣ በጣሳና በጠርሙስ መሃል በግንባሩ ተደፍቶ ነው። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች አገኙት። መጀመሪያ ነገር የሚፈልግ መስሏቸው ነበር፤ ባዩ መቼም ውዳቂ ላይ እንዳጎነበሰ ነው የሚውለው። ቢጠሩት ዝም፣ ደግመው ቢጠሩት ዝም። ጠጋ ብለው ሲያዩት ማጅራቱ ላይ አንድ ጊዜ ተመትቷል። ሁለተኛ አላስፈለገውም፣ ምስኪን!

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ ሃምሳዎቹ መገባደጃ ላይ፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ ከተማው ንፋስ መውጫ። ባዩን የማያውቅ ቤት አልነበረም። «ቀዳዳ ጣሳ ያለሽ! የዛገ ብረት ያለሽ! ጠርሙስ ያለሽ!» እያለ አህያውን እየነዳ እስከ አርብ ገበያ ከተማ ይወርዳል። ገንዘብ የሚባል አይሰጥም፤ ልዋጭ ነው። ለጣሳ መርፌ፣ ለጠርሙስ ክር፣ ለወረቀት ሳሙና፣ ለብረት ጨው። ጣሳውን ራሱ ቆርጦ ኩራዝ ያደርገዋል። ጠርሙሱን አረቄ አውጪዋ ዘነበች ትወስዳለች። ወረቀቱ በማሩ ሱቅ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ብረቱን ደግሞ ቀጥቃጩ አስማረ ማጭድና ማረሻ አድርጎ ለዚያው ለጣለው ሰው ይመልስለታል። «በኛ አገር የሚሞት ሰው ብቻ ነው፤ ዕቃ አይሞትም» ይል ነበር ባዩ። አልተሳሳተም።

አሥር አለቃ ጓዴ፣ የወረዳው ፖሊስ፣ ለሌላ ጉዳይ ስማዳ ወርዶ ስለነበር የደረሰው ማክሰኞ ነው። ሲደርስ ከተማው ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ አውጫጭኝ ተቀምጧል። ነፍስ ከጠፋ ወግ ነውና፣ ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ወንዱም ሴቱም ሜዳ ላይ ይውላል፣ ወደ ሥራው የሚሄድ የለም። የሚያውቅ ካለ ለሽማግሎቹ በምስጢር ሹክ ይላል፤ ስሙ አይጠራም፣ «ወፍ ነገረችን» ይባላል። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ገብሱ አውድማ ላይ እንደተከመረ፣ በበጋ ያልታሰበ ደመና በጉና ተራራ በኩል ይቋጠራል። ሰዉ አንዴ ሰማዩን አንዴ አውድማውን እያየ ይቁነጠነጣል።

ጓዴ ራሱ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። እናቱ «ይሄን ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የወለድኩት» ይሉ ነበር። ከበቅሎው ወርዶ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረና የአውጫጭኙ መሪ አባ ገብረ ሕይወት ፊት ቆመ።

«ጓዴ ልጄ፣ ደግ መጣህ። ወፏ ተናግራለች።»

«ምን አለች አባቴ?»

«አስማረ ነው አለች።»

«በዓይኗ አይታለች?»

አባ ገብረ ሕይወት አማተቡ። «ቅዳሜ ገበያ ላይ በብረት ሲሰዳደቡ ያልሰማ የለም። ደግሞም… ያው ታውቀው የለ፣ የቀጥቃጭ ዘር ነው። ዓይናቸው አይወድቅበት እንጂ ከወደቀበት…»

ጓዴ ይህን ቃል ያውቀዋል። ከስምንት ዓመት በፊት እስቴ ላይ እንዲሁ በወፍ ቃል አንድ ሸማኔ አስሮ ወስዶ ነበር። ሸማኔው እስር ቤት ሞተ፤ እውነተኛው ገዳይ በሁለተኛው ዓመት ተገኘ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። የሸማኔውን ስም ጓዴ እስከ ዛሬ ድረስ መጥራት አይችልም።

አስማረ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ከአንድ ወይራ ሥር ተቀምጧል። ሚስቱ ታንጉ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁለት ልጆቿን በነጠላዋ ሸፍና አጠገቡ ቆማለች። ጓዴን ስታይ አላለቀሰችም፤ እንባዋ አልቆ ነበር።

«አንቱ ጌታው፣ ነገ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር ሊልኩት ነው። እሱ ከዚህ ሲወጣ የኛ ጎጆ ላይ እሳት ሊለቁ ነው። ጭዱን ሲያከማቹ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ማን ነው የሚያከማቸው?»

«ማን ያልሆነ አለ?» አለች።

ጓዴ እየተጣደፈ ወደ ባዩ ግቢ ሄደ።

ግቢው እንዳለ ነው፤ ውዳቂ የሚነካ ማን ይኖራል! ጓዴ ግን ገና ከበሩ ገረመው። የለዋጭ ግቢ ዝብርቅርቅ ያለ መስሎት ነበር፤ ይሄ እንደ ቄስ ጓዳ የተሰደረ ነው። ጠርሙሱ በአፉ ተደፍቶ በረድፍ፣ ጣሳው በቁመቱ፣ ብረቱ በአጎዛ ላይ ለብቻው። አሰዳደሩ የተበላሸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። የጣሳው ክምር ባንድ ወገኑ ተንዷል። ጓዴ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አነሣ። ከሥር አንድ ወፍራም ብረት አገኘ፤ ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ፣ ክንድ የማይሞላ፣ ከባድ። አንዱ ጫፉ በአመድ ታሽቷል። አመዱን በአውራ ጣቱ ሲጠርገው፣ የደረቀ ደምና ሁለት የጠጉር ዘለላ ወጣ።

ገለበጠው። የላይኛው ፊቱ ዝጓል። የታችኛው ግን የለሰለሰ ነው፣ ዝገት የለበትም፤ ጥጉ ላይም የወይን ጠጅ ቀለም ነክቶታል። ጓዴ ብረቱን በጋቢው ጠቅልሎ ተመለሰ። እስኪደርስ ድረስ ከራሱ ጋር ይነጋገር ነበር።

«አስማረ፣» አለ ወይራው ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ «በምን ነበር የተሰዳደባችሁ?»

«የሳሳ ብረት አመጣልኝ፣ 'ይሄ ቆርቆሮ ነው ወይስ ብረት?' አልኩት። ሰደበኝ፣ ሰደብኩት። ከዚያ ዘነበች ቤት አብረን ጠጣን። ሃያ ዓመት እንዲሁ ነን እኮ ጌታዬ! እኔን ከሱ በቀር ማን አብሮኝ ይጠጣል?»

«ጥሩ ብረት ሲያገኝስ? ባሌስትራ፣ ለምሳሌ?»

የአስማረ ፊት በእስሩ መሃል እንኳ በራ። «ባሌስትራ ያገኘ ዕለትማ ምን መቀመጫ አለው! እየሮጠ ነው የሚያመጣልኝ። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው መኪና ሌላ ከየት ይገኛል? አንድ ጉማጅ ሁለት ቢላዋ ይወጣዋል።»

«ከጣሳ ጋር ይጥለዋል?»

«ባዩ?» አስማረ ሊስቅ ምንም አልቀረው። «አቅፎት ይተኛል እንጂ!»

ጓዴ ዘነበችን ከሰዉ ነጥሎ ጠራት። አረቄ አውጪዋ ምላሷ እንደ አረቄዋ ነው፣ ያቃጥላል።

«እኔን ምን ትለኛለህ? ሰውዬውን የገደልኩት ጠርሙስ ከለከለኝ ብዬ ነው?»

«ቅዳሜ ቤትሽ ሲጠጣ ምን አወራ?»

«ያው ወሬውን ነዋ። ብቻ…» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለ ማኅተም ወረቀት አግኝቻለሁ አለ። ባዩ ማንበብ እንኳ አይችልም፤ ግን ማኅተም ያለበትን ወረቀት በርበሬ አያስነካም። የእግዜር ስም ይኖርበታል የሚለውን ለአባ ገብረ ሕይወት ይሰጣል፣ ባለ ማኅተሙን ለባለቤቱ ይመልሳል። 'ሰው ተሳስቶ ጥሎት ነው፣ ሳይደነግጥ ልመልስለት' አለ።»

«ለማን?»

«እኔ ምን ቤቴ! ብጠይቀው ኖሮ ይሄኔ ስንቴ አውርቼው ነበር!»

ቀጥሎ ማሩን ከሜዳው አስነሥቶ ሱቁን አስከፈተው። ማሩ ወፍራም፣ ቶሎ የሚያልበው ነጋዴ ነው፤ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ጣለው።

«እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነበርኩ አሥር አለቃ፣ አባ ገብረ ሕይወትን ይጠይቋቸው፣ ከፊታቸው ነው የቆምኩት!»

«ማን ጠየቀህ? ይልቅ ሽምብራ ጠቅልልልኝ።»

ማሩ አንድ ወረቀት ስቦ ጠቀለለለት። ጓዴ ሽምብራውን ኪሱ ገልብጦ ወረቀቱን አነበበ። «… ከሟች ባሏ የተላለፈላት የወይዘሮ አልጣሽ ርስት ስለመሆኑ ሦስተኛ ምስክር በሰጠው ቃል…» ይላል። ጓዴ ቀና አለ። የወይዘሮ አልጣሽን ነገር የማያውቅ የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከባሏ አጎት ጋር በርስት ሁለት ዓመት ስትሟገት ቆይታ፣ ሊፈረድላት ሲል ከአንድ ወር በፊት መዝገቡ ጠፋ ተባለች።

«ይሄን ማን ሰጠህ?»

«ባዩ ነዋ! ከፍርድ ቤት የሚወጣ አሮጌ ወረቀት ነው። ጸሐፊው ፈንታሁን ይሰጠዋል፣ እሱ ለኔ ያመጣል።»

«ሌላውስ ቅጠል?»

«ሌላውማ አለቀ። ቅዳሜ ገበያ አልነበር? ጋይንት ሁሉ በርበሬውን ጠቅሎበት ሄደ።»

ጓዴ ሽምብራውን እየቆረጠመ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄደ። ጸሐፊው ፈንታሁን ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ የአውጫጭኙን ቃል ሲጽፍ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮው እየገባ በንጹሕ ይገለብጠዋል። ጥፍሩ ንጹሕ፣ ሸሚዙ ነጭ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። የመስኮቱ መስታወት ተሰብሯል፤ ንፋሱ ገብቶ ወጥቶ ይጫወታል። ጠረጴዛው ላይ አራት የወረቀት ክምር አለ። ሦስቱን የባሌስትራ ጉማጅ ተጭኗቸዋል። አራተኛውን የተጫነው ድንጋይ ነው፤ ገና አፈሩ አልረገፈም፤ ከላይ ያለውን ወረቀት አቆሽሾታል።

ጓዴ ሽምብራውን ማላመጥ አቆመ።

«ይቀመጡ እንጂ አሥር አለቃ።»

«አልቀመጥም፣ አመሌ ነው። አሮጌ ወረቀት ለባዩ ትሰጥ ነበር?»

«የማያስፈልገውን፣ በዳኛው ፈቃድ። ሳሙና ይሰጠኝ ነበር።»

«እየመጣ ይወስዳል ወይስ ትወስድለታለህ?»

«እኔ? እኔ እዚያ ግቢ ረግጬም አላውቅ! ያ ሽታ!» አፍንጫውን ያዘ።

«የወይዘሮ አልጣሽ መዝገብስ ተገኘ?»

«ምን ይገኛል! ንፋስ መውጫ እኮ ነው፣ ንፋሱ ወስዶት ይሆናል።» ሳቀ።

«ይሆናል» አለ ጓዴ። ሲወጣ በሩ ላይ ዘብ አቆመ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረም።

ጥቂት ቆይቶ የባዩን ውዳቂ በስምንት አህያ አስጭኖ ሜዳው ላይ አስገለበጠው። ፈንታሁንም ቃሉን እንዲጽፍ ተጠርቶ ከዘቡ ጋር መጣ። ሰዉ ተነሥቶ ጮኸ።

«ገብሳችን ሊበሰብስ ነው፣ አንተ ጣሳ ታሳየናለህ!»

«ነፍሰ ገዳዩ እዚያ ታስሮ ቁጭ ብሏል፣ ምን ይቀልዳል ይሄ ሰው!»

«ስሙኝ!» አለ ጓዴ። «ሁላችሁም የጣላችሁትን ዕቃ አንሡ። ያነሣ ሰው ምን እንደተለወጠበት ይናገርና ወደ አውድማው ይሂድ። ከዚህ ሌላ አልጠይቅም።»

ወደ አውድማው ይሂድ ሲል ጩኸቱ በረደ። መጀመሪያ አንዲት ሴት አፍራ ቀረበች። «ይቺ የዘይት ጣሳ የኔ ናት፤ በልጄ ሰርግ የገዛኋት። መርፌ ሰጠኝ፣ ይችውላችሁ» ብላ ከቀሚሷ ጠርዝ መርፌውን መዝዛ አሳየች። ከዚያማ ማን ያቆማቸዋል! ማረሻውን በስንጥቁ የሚያውቅ፣ ጠርሙሱን በአንገቱ የሚለይ፤ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀዳዳ ጣሳ ሊቧጨሩ ደረሱ። «የኔን ክር መልሺ!» «አመድ በዱቄት ይስቃል፣ ያንቺ ጣሳ እኮ ገና ባለፈው ክረምት ነው የተበሳችው!» በሦስት ቀን ውስጥ ሰው የሳቀው ያኔ ነው። ግን ማንም ወደ አውድማው አልሄደም፤ ሁሉም የራሱን ይዞ ቆሞ መጨረሻውን መጠበቅ ያዘ።

ክምሩ አለቀ። ጓዴ ጋቢውን ፈትቶ ባሌስትራውን ባዶ በቀረው መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ይሄስ የማን ነው?»

ሊያነሣው የተጠጋ የለም።

«በባዩ ግቢ ልዋጭ ያልተሰጠበት ዕቃ አልነበረም፤ አሁን በዓይናችሁ አያችሁ። ይሄ ብረት ግን ጨው የተቀበለበት ሰው የለም። ለልዋጭ አልመጣም ማለት ነው። ጫፉ ላይ ያለው የባዩ ደም ነው።»

ሰዉ ወደ ወይራው ዞረ። «አስማረ ነዋ! ብረት ከሱ ሌላ ማን ይዞ ይዞራል?»

«እንግዲያው ጠይቁ» አለ ጓዴ፤ ሲናገር ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። «ያገኘሁት ከጣሳ ሥር ነው። ባዩ ባሌስትራ ከጣሳ ጋር አይጥልም፤ ስለዚህ ሌላ እጅ ነው የጣለው። አስማረ ቢሆንስ? ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ይሄን ብረት ለማጥፋት የሚቀለው ለማን ነው? ቤቱ ይዞት ገብቶ እሳቱ ውስጥ ቢከተው፣ ሰዎቹ ከቅዳሴ ሳይመለሱ ቢላዋ ሆኖ ይወጣ ነበር! ለሱ ይሄ ወርቁ ነው። ቀጥቃጭ ባሌስትራ ጥሎ አይሄድም። የጣለው ሰው ውዳቂ ሁሉ አንድ የሚመስለው፣ ውዳቂ ተጠግቶ የማያውቅ፣ የሚጸየፍ ሰው ነው።»

ብረቱን ገለበጠው። «ሆዱ አልዛገም። ወረቀት ላይ ነው የኖረው። ጥጉ ላይ ያለውን ቀለም እዩት አባቴ፣ የምን ነው?»

አባ ገብረ ሕይወት ብረቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። «የማኅተም» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ሁለት ሽማግሌ ይዘው ፍርድ ቤት ይሂዱ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብረትና አንድ ድንጋይ አለ። ሦስቱን ብረት ያምጡልኝ።»

ፈንታሁን የጽሕፈት ብዕሩን እንደያዘ ቆመ። ዙሪያውን አየ፤ ዘቡ ከኋላው ነው። ሽማግሎቹ ሄደው ተመለሱ። ሦስቱ ብረቶች መጡ። ጓዴ ተንበርክኮ በመስመር ደረደራቸውና የተቆረጠውን አፍ ከተቆረጠው አፍ አገናኘ። አራቱ ተጋጥመው አንድ የመኪና ባሌስትራ ሆኑ። በአራተኛው ብረት መጋጠሚያ ላይ ፀጉር የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልነበረም።

«ሰርቀውኝ ነው!» አለ ፈንታሁን።

«መቼ? ሦስት ቀን የዚህን ሕዝብ ቃል ስትጽፍ 'ከቢሮዬ ብረት ተሰረቀ' ብለህ ለማን ነገርክ? ለማንም! ድንጋይ ፈልገህ ተካህበት እንጂ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ጓዴ የሽምብራውን ወረቀት አወጣ። «የወይዘሮ አልጣሽን መዝገብ አጥፋልን ብለውሃል፤ ማን እንዳለህ ለዳኛው ትናገራለህ። ቢሮ ውስጥ ብታቃጥለው ጭሱ ያጋልጥሃል። ስለዚህ ብልሃት አመጣህ፤ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ቀላቅለህ ለባዩ ሰጠኸው። በርበሬ የተጠቀለለበት ወረቀት አይመለስም፤ ጋይንት ለጋይንት ይበተናል። ደግ ብልሃት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አላወቅህም፤ ባዩ ባለ ማኅተም ወረቀት አይሸጥም። ባለ ማኅተሙን ለይቶ ይዞ 'ተሳስተህ ጥለኸው ነው' ብሎ ሊመልስልህ መጣ። ጠፋብህ ብሎ አዝኖልህ! ሰምተኸው ተደናገጥክ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ብረት ልስጥህ ብለህ ግቢው ድረስ ሄድክ፤ ጎንበስ አለ…»

«ጥዬው ነበር እኮ!» ፈንታሁን ጮኸ። ለስላሳው ድምፁ ተሰነጠቀ። «የጣልኩትን ነው ያመጣልኝ! ማን መልስ አለው? ሰው የጣለውን ነገር ማን መልስ አለው! ለዳኛው እወስደዋለሁ አለኝ፣ 'ያንተ ካልሆነ የዳኛው ይሆናል' አለኝ… እየሳቀ…»

ወይዘሮ አልጣሽ ከሴቶቹ መሃል ቁጭ አለችና ፊቷን ሸፈነች። ዘቡ ፈንታሁንን አሰረው። ሴቶች እያለቀሱ ወደየቤታቸው ሮጡ፤ ከጓዳቸው የበርበሬና የጨው መጠቅለያ እያመጡ፣ እያራገፉ፣ በወይዘሮ አልጣሽ ጭን ላይ ይቆልሉ ጀመር።

ጓዴ ግን ወደ ወይራው ሄዶ የአስማረን ገመድ በራሱ እጅ ፈታ። አባ ገብረ ሕይወት ከኋላው መጡ፤ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል፣ ጎንበስ ብለዋል።

«ይቅር በለን ልጄ።»

«ድንጋዩን ያውርዱት አባቴ፣ ይከብድዎታል» አለ አስማረ የታሰረበትን እያሸ። «ይቅር ብያለሁ።»

ታንጉ ግን አላለፈችውም። «እኔ አንድ ልጠይቅ አባቴ። ወፏ ማን ናት?»

ሽማግሌው ድንጋዩን አላወረዱትም። ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ወግ ጥሼ እነግርሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አሥራ ሰባት ሰው ነው የመጣው።»

ታንጉ ወደ ሜዳው ዞረች። እንስራዋን ያልገዛ፣ ጀበናዋን ያልያዘ ቤት አልነበረም። አንዱም ቀና ብሎ አላያትም።

በማግስቱ ጠዋት አውድማው ሁሉ በሬ ሲያዞር፣ አስማረ ወናፉን ጠቅልሎ አህያ ላይ አሠረ። ጓዴ እየተጣደፈ ደረሰ።

«ምን ሆነሃል? ነጻ ነህ እኮ! ከእንግዲህ ማን ይነካሃል?»

«ማንም አይነካኝም ጌታዬ። እርስዎ እስካሉ ማንም አይነካኝም።» አስማረ ገመዱን አጠበቀ። «እዚህ ከቀረሁ ግን ከእንግዲህ በዚህ አገር የሚሞት ሰው ሁሉ የኔ ሟች ነው። ሁልጊዜ እርስዎ ከስማዳ ይደርሱልኛል?»

ታንጉ ትንሹን ልጅ አዝላ ትልቁን በእጇ ይዛ ቀድማ ወጣች። ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፉ ገና መሬት ላይ ነበር፣ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ጓዴ ጎንበስ ብሎ በአንድ ወገን ያዘ፣ አስማረ በሌላው፤ አንሥተው አህያው ላይ ጫኑት።